ጠሪና ጻፊ

እሑድ 3

ዛሬ ሌባ ተባልኩ። በሁለት መቶ ሰው ፊት፣ ልጅ ቢኖረኝ ልጄ በምትሆን ሴት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴቶቹ አምስተኛ የብስክሌት ውድድር ነበር፣ አሥራ ሁለት ዙር። አንዷም አላመለጠችም፤ ሃያ ሦስቱም በጅምላ መጡ። እንዲህ ሲሆን ሥራው የእኔና የወንድሜ ነው። እኔ መጨረሻው መስመር ጫፍ ላይ እቆምና የፊት ጎማ መስመሩን በነካ ቁጥር የልጅቷን ቁጥር ጮክ ብዬ እጠራለሁ። እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ ይጽፋል። እኔ ዓይኔን ከመስመሩ አልነቅልም፤ እሱ ዓይኑን ከወረቀቱ አይነቅልም። ጠሪ ወረቀት ካየ ጎማ ያመልጠዋል፤ ጻፊ ጎማ ካየ ቁጥር ያመልጠዋል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርተናል። ሲያልቅ ወረቀቱን ያቀርብልኛል፣ ዓይኔን ጣል አድርጌበት እፈርማለሁ። ሃያ ሦስት ቁጥር በስምንት ሴኮንድ ጠርቶ ማን ስንተኛ እንደነበረች የሚያስታውስ ሰው ካለ ግን ይምጣና እጁን ልሳመው።

ውጤቱ እንደተለጠፈ ሠላሳ አንድ ቁጥር መጣች። ሄልሜቷን እንኳ አላወለቀችም።

"እኔ ስምንተኛ ነኝ" አለች። ወረቀቱ አሥራ አንደኛ ይላል። በትህትና ነገርኳት።

"አሥራ አራት ቁጥር ከኋላዬ ነበረች እኮ! እሷ እንዴት ስምንተኛ ሆነች?"

"ልጄ፣ አንቺ ወደፊት ነው የምታዪው። እኛ ከጎን ነው የምናየው።"

"የምታዩትንማ እናውቃለን" አለች። "ሌቦች!"

ደሜ ፈላ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ዳኛ የሰደበ ሁለት ውድድር ይታገዳል። የቀሩት ደግሞ ሁለት ውድድሮች ናቸው። እዚያው ጻፍኩና ሰጠኋት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ዳኛ ማለት ይሄ ነው!" አለኝ። አሥራ አራት ቁጥር የእህቱ ልጅ ናት፤ እሱ ግን አንድም ቀን በዳኝነታችን ገብቶ አያውቅም፣ ይህን እመሰክራለሁ።

ወንድሜ ጠረጴዛውን ቶሎ አጣጠፈ። ሌላ ጊዜ ቤት ገብቶ በልቶ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ከመንገድ ተመለሰ።

ሰኞ 4

ሥራ ላይ፣ የአውቶቡስ ስምሪት ክፍል። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ጎማው ተንፍሷል። ተተኪ የለም። ሹፌሩ ጎማውን እኔ የነከስኩት ይመስል እኔ ላይ ይጮኻል።

ሌሊቱን ሙሉ ያ ስድብ ጆሮዬ ላይ ነበር። እኔን ብቻ ብትል እተወው ነበር። ወንድሜን ጨምራ ነው የሰደበችው። እናታችን ስትሞት እኔ አሥራ ሰባት፣ እሱ ዘጠኝ ነበርን። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የእጅ ጽሑፉ የእኔ ቁጣ ውጤት ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ባለፈው ዓመት ሊቀመንበሩ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ሆነ፣ ስምንት ዓመት የቆዩትን ቀድሞ። የተሾመ ቀን አልቅሻለሁ።

ሹፌሩ እንደገና መጣ። በቃኝ።

ረቡዕ 6

የሠላሳ አንዷ አባት ስምሪት ክፍል ድረስ መጣ። ለካ የአውቶቡሶቻችንን ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታው ነው! ስንት ዓመት እንተዋወቃለን፣ ልጅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ልጅቷም እዚያው ከእሱ ጋር ጎማ ስታወልቅ ትውላለች፤ ልምምዷ ከሥራ በኋላ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩ ላይ ቆመ።

"ልጄ ተሳዳቢ ናት፤ በእናቷ ወጥታ ነው" አለ። "ለስድቡ ቅጣቱ ይገባታል። ግን አትዋሽም። ስምንተኛ ነኝ ካለች ስምንተኛ ናት።"

"ወረቀቱ ተፈርሟል።"

"እሱማ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለ ረጋ ብሎ። "ይኸውልዎት፣ በወሩ መጨረሻ ነጥብ ተደምሮ ስድስት ልጆች ይመረጣሉ። ዓመቱን ሙሉ አሠልጣኝ፣ ብስክሌት፣ ማደሪያ። ከስድስቱ ካልገባች ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ከእኔ ጋር ጎማ ነው የምትፈታው። እኔ የምለምንዎት ነገር የለም። አንድ ደንበኛዬ አጨራረሱን በስልኩ ቀርጾታል፤ ላምጣልዎት?"

"እንደፈለግክ" አልኩት።

ሰውዬው እርስዎ እያለኝ እኔ አንተ እንዳልኩት ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ። አፈርኩ። ግን ተነስቼ አልተከተልኩትም።

ዓርብ 8

አየሁት። አሥራ አንድ ጊዜ አየሁት።

ሰባት ጎማ ይገባል፣ ስምንተኛው ሠላሳ አንድ ነው። ጭንቅላቷን ደፍታ፣ ክርኗን ከፍታ። አሥራ አራት ቁጥር ከእሷ ሦስት ጎማ ኋላ ናት፣ አሥራ አንደኛ። ልክ ቦታ ተለዋውጠው ነው የተጻፉት። የራሴን ድምፅ ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፤ የሕዝቡ ጩኸት ውጦታል።

ጎሚስታው ፊቴን ያያል። ምን ልበለው? "በደንቡ ቪዲዮ ብቻውን የተፈረመ ወረቀት አይሽርም" አልኩት። "አቤቱታ ያስገቡ። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ያየዋል።" ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍም እኔው ነገርኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ልጁን ያገድኳትን እኔን አመሰገነኝ!

ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ የደነገጠ አይመስልም፤ ያዘነልኝ ነው የሚመስለው።

"እታለም" አለኝ፣ "ዕድሜ እኮ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት ቀልድ አይደለም። ሲመሻሽ ቁጥር ይምታታብሽ ይሆናል።"

"ውድድሩ በእኩለ ቀን ነበር።"

"ፀሐይም ያምታታል። ዓይንሽን ለምን አትታዪም? እኔ ራሴ እወስድሻለሁ። እስከዚያ ግን ለማንም አታውሪ፤ ስምሽ ነው።"

እንዴት ያለ ወንድም አለኝ። እኔ ልጅቷን አሳግጄ፣ እሱ ለስሜ ይጨነቃል። ስመለስ አውቶቡሱ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሁሉ እያነበብኩ መጣሁ። ሁሉም ይታየኛል። ቢታየኝም ያኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ወይ ነዶ! ያቺን ልጅ ምን አድርጌያታለሁ?

እሑድ 10

ስድስተኛው ውድድር። ዓይኔን እየተጠራጠርኩ ጠራሁ። ሠላሳ አንዷ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታየኛለች፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው። እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ከውድድሩ በኋላ ሊቀመንበሩ ደብዳቤ ሰጠኝ። በሚመጣው የክለቦች ሻምፒዮና ዋና ዳኛ እኔ ነኝ! ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል እል ነበር። "ወንድምሽን አመስግኚው" አለኝ እየሳቀ። ወንድሜን አመሰገንኩት። "ምን አድርጌ?" ብሎ ቀና ሳይል ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

ስለ ዓይኔ ለሊቀመንበሩ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ፣ ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ 12

ዓይን ሐኪም ቤት። ወንድሜ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ መጣ። መዝጋቢዋ "ምን ሆነው ነው?" ስትለኝ እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ መለሰ፦ "ከሩቅ ቁጥር ይምታታባታል፣ ከጀመራት ሰንብቷል።" መዝጋቢዋ እሱ ያለውን ካርዱ ላይ ጻፈችው። "የሰነበተ ነገር የለም" አልኩት። "ለሐኪም አይደበቅም" አለኝ በቀስታ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እስከ መጨረሻዋ ደቃቃ መስመር ድረስ አነበብኩላት። ከሥሯ የአታሚውን ስም ሳነብላት ሳቀች። "እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያያሉ፤ መነጽር የፈለጉት ለመዋቢያ ከሆነ ገበያ ይሂዱ" አለችኝ። የሚታዘዝ ነገር ስለሌለ የጻፈችልኝ ነገር የለም።

ስወጣ "ደህና ነኝ!" አልኩት። ይፈነድቃል ብዬ ነበር። "ጥሩ ነው" አለ። "ግን ሐኪሞች ድካምን አያዩትም።" ካርዱን ኪሱ ከተተው፤ "አንቺ ትጥይዋለሽ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ።"

ሐሙስ 14

ዓይኔ ደህና ከሆነ ያየሁትን ነው የጠራሁት። ያየሁትን ከጠራሁ ደግሞ

አይ። ምላሴን በቆረጠው። አንቺ ሴትዮ አብደሻል።

ሦስት ቁጥር አውቶቡስ ዘገየ። ተሳፋሪ ተሳደበ። ትኩሳት ያለብኝ መሰለኝ፤ የለብኝም።

እሑድ 17

የመጨረሻው ውድድር። ጠዋት ከመመዝገቢያው ድንኳን ጀርባ ሁለት አሠልጣኞች ሲያወሩ ሰማሁ። "ፊቱና ኋላው ንጹህ ነው፣ ችግሩ መሃሉ ላይ ነው" አለ አንዱ። "ሴትዮዋ የዋህ ናት" አለ ሌላው። ሲያዩኝ ጸጥ አሉ፤ ከዚያ ስለ አየሩ ጠየቁኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ መንገዱ ጥገና ነው የሚያወሩት ብዬ አለፍኩ። መንገዱ መሃሉ ላይ ተቆፍሯል፣ እውነት ነው።

ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ ደረት ኪሴ ውስጥ አስገባሁ። ቀድሞ ማኅበሩ መቅጃ ልግዛ ሲል "ወንድሜ እያለ መቅጃ ምን ያደርጋል?" ያልኩት እኔ ነበርኩ። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት "ስሳሳት ስህተቴን ልስማው" የሚል ነው። ጠራሁ፣ ጻፈ፣ ፈረምኩ። ቅጂውን ገና አልሰማሁትም። ነገ።

ሰኞ 18

ሰማሁት።

የስምሪት ክፍሉን በር ዘግቼ፣ የውጤቱን ግልባጭ ፊቴ ዘርግቼ። ድምፄ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንደኛዋ ልክ። ሁለተኛዋ ልክ። እስከ ስድስተኛ ልክ። "ሃያ ሁለት!" ብዬ ሰባተኛ ጠርቻለሁ። ወረቀቱ ሰባተኛ አሥራ አራት ይላል። አሥራ አራትን የጠራሁት አሥራ ሦስተኛ ነው፤ እዚያ ቦታ ደግሞ ሃያ ሁለት ተጽፋለች። የቀረው ሁሉ ልክ ነው፣ እስከ መጨረሻዋ።

ሁለት ቁጥር ብቻ። በዚያ በሚያምር ጽሑፍ፣ ያለ አንድ ስርዝ። ስርዝ ቢኖር በችኮላ ነው እል ነበር።

አሁን ገባኝ። በጅምላ ሲገቡ አንደኛዋ አንደኛ መሆኗን ታውቃለች፤ የመጨረሻዋም ታውቃለች። ሰባተኛዋ ግን ሰባተኛ መሆኗን በምን ታውቃለች? ደፍታ ነው የምትነዳው። ወረቀቱ የሰጣትን ተቀብላ ትሄዳለች። ይህን የሚያውቀው መስመር ላይ የኖረ ሰው ብቻ ነው። ይህን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሹፌሮቹ በሩን ይደበድባሉ። ይደብድቡ።

ማክሰኞ 19

ወንድሜ ቤት። ሚስቱና ልጆቹ አልነበሩም። የወጥ ቤቱን ቧንቧ እየጠገነ ነበር፤ እጁ እርጥብ ነው።

"ሃያ ሁለት ቁጥር እሑድ ስንተኛ ገባች?" አልኩት።

"ወረቀቱን ማየት አለብኝ።"

"ወረቀቱን እኔ አይቻለሁ።" ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ከፈትኩት።

እስከ መጨረሻው ሰማው። ቁጥር ስጠራ ከንፈሩ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል። ሲያልቅ መፍቻውን አስቀምጦ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ለአንቺ ብዬ ነው" አለ።

መጀመሪያ አልተናደድኩም። የሰማሁት ነገር አልገባኝም ነበር።

"ከሁለት ዓመት በፊት ሊቀመንበሩ ጠራኝ። እህትህ ምላሷ አላስቀመጠንም፣ ሌላ ጠሪ ልናመጣ ነው አለኝ። እንድትቀጥይ ከፈለግኩ አልፎ አልፎ፣ መሃል ላይ፣ ማንም በማይጎዳበት..."

"ማንም በማይጎዳበት?"

"እታለም፣ አንቺ ያለዚያ መስመር ምን አለሽ? ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። እሑድ እሑድ እዚያ ስትቆሚ ነው ሰው የምትሆኚው። ያንን ሲቀሙሽ ዝም ብዬ ልይ?"

ያኔ ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልጽፍም። "ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ" ማለቴን አስታውሳለሁ። የእኔን የብቸኝነት ልክ ከሊቀመንበሩ ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋግሮበታል! ሁለት ዓመት ሙሉ! ስንት ልጅ ናት ደፍታ ነድታ፣ ከስፍራዋ ወርዳ፣ አመስግናን ወደ ቤቷ የሄደችው?

"ዓይኔንስ? ዓይኔን ለምን ብለህ አስመረመርከኝ?"

"እንድትረጋጊ ብዬ ነው።"

"ሹመትህስ?" አልኩት። ይህን እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፤ አፌ ላይ መጣ።

"እሱ ከዚህ ጋር አይገናኝም" አለ ቶሎ ብሎ። ዓይኑን ግን ወደ ቧንቧው መለሰ።

ከዚያ አለቀሰ። ከእናታችን ቀብር ወዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። ቅዳሜ ኮሚቴው የጎሚስታውን አቤቱታ ሲያይ ራሴ ተነስቼ እናገራለሁ አለኝ። "ግን አንቺ ይህን ቅጂ ይዘሽ ከቀረብሽ ተያዘ እንጂ አመነ አይባልልኝም። በራሴ አፍ ልናገረውና ሰው ሆኜ ልውጣ። ካመንሽኝ አጥፊው።"

አጠፋሁት። እሱ እያየ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ። ዘጠኝ ዓመት ያላነበብኩትን ስፈርም የኖርኩ ሰው አሁን ምን አስፈራኝ? እጄን ይዞ ሳመኝ። እጁ እንደረጠበ ነበር።

ረቡዕ 20

አልደወለም።

ዓርብ 22

ደወልኩ። ሚስቱ አነሳች፤ "ስብሰባ ላይ ነው" አለች። ማታ ስደውል ተኝቷል።

የነጥቡን ሰሌዳ ደመርኩ። ሠላሳ አንዷ ሁለት ውድድር በእኔ እገዳ ቀርታ እንኳ፣ ያ ስምንተኛነቷ ከተመለሰላት በአንድ ነጥብ ስድስተኛ ትሆናለች። ካልተመለሰላት ስድስተኛዋ የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ናት። ዝርዝሩ እሑድ ጠዋት ይነበባል። ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ።

ወንድሜ ቃሉን ይጠብቃል። ልጅ ሆኖም ቢሰርቅ ቢሰብር በመጨረሻ ይናገር ነበር። ሁልጊዜም አይደለም እንጂ።

ቅዳሜ 23

ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

የማኅበሩ ቢሮ፣ ፎቁ ላይ። የፕላስቲክ ወንበር፣ የማይሠራ ማራገቢያ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረተኛ ጠበቃ ናቸው፤ ደረቅ ሰው ናቸው፣ ግን አያዳሉም። ሁለት አባላት ከጎናቸው። ሊቀመንበሩ የእህቱ ልጅ ጉዳይ ስላለበት ድምፅ የለውም፤ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ጎሚስታውና ልጁ ንጹህ ልብስ ለብሰው መጥተዋል። ቪዲዮው ታየ። ጠበቃው ራሳቸውን ነቀነቁና "ባለ አቤቱታዎቹ ውጭ ይጠብቁ፤ ዳኞቹን ለብቻ እንጠይቃለን" አሉ።

በሩ ተዘጋ።

"ወረቀቱና ምስሉ አይገጥሙም" አሉ። "ስህተቱ የማን ነው?"

ወንድሜን አየሁት። አይዞህ አልኩት በዓይኔ። ተነሳ። ኮቱን አስተካከለ።

"እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት" አለ።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ ወደ ነገሩ ሊገባ መሰለኝ። ጠበቅኩ።

"ለእህቴ ክብር ስል ዝም ብዬ ነበር። ዓይኗ ከደከመ ሰንብቷል። ራሷም ጠርጥራ ሐኪም ቤት ሄዳለች።" ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከሩቅ ቁጥር ይምታታባታል፣ ከጀመራት ሰንብቷል። ጠበቃው ጮክ ብለው አነበቡት።

ሞቼ ነው የቆምኩት። እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ምሳዬን አካፍዬ፣ ጫማዬን ሸጬ፣ ያገባኝ የነበረውን ሰው "ወንድሜ ይደግ" ብዬ መልሼ። ኪሴን ነካሁ፤ ስልኩ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው።

"እርስዎ ምን ይላሉ?" አሉኝ ጠበቃው።

"እኔ... አልተሳሳትኩም" አልኩ።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እንግዲህ ደንቡን ልንገርዎት። ጠሪዋ ተሳስቻለሁ ብላ ከፈረመች ውጤቱ ዛሬውኑ ይታረማል፤ የጠሪነት ፈቃዷም ለዘለቄታው ይነሳል። ጠሪና ጻፊ ከተካካዱ ግን ወደ ሙሉ ምርመራ ይሄዳል። እስኪያልቅ የተፈረመው ወረቀት ይጸናል።"

"ምርመራው ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ከሦስት ወር አያንስም።"

"የተመራጮቹ ዝርዝርስ?"

"ነገ ጠዋት ይነበባል። ከተነበበ በኋላ አይለወጥም።"

ሊቀመንበሩ ከጥጉ "ክብርሽን አታስነኪ፤ ምርመራው ያጣራው" አለኝ። ድምፁ የሚያዝንልኝ ሰው ድምፅ ነው። ያኔ ነው የገባኝ። ሰውዬው ያውቀኛል። እልኸኛ መሆኔን ያውቃል፤ ስሜን ነክተውኝ ዝም እንደማልል ያውቃል። ስጮህ፣ ስከራከር፣ ነገ ይነጋና ዝርዝሩ ይነበባል። እውነትም ልጮህ ነበር። ጥርሴን ነከስኩ።

"ተሳስቻለሁ" አልኩ። "ይጻፍ።"

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

ጠበቃው ወንድሜን አዩት። "ጽሑፍህ ጥሩ ነው፤ አንተ ጻፍላትና ትፈርም።"

ወረቀት ሰጡት። ቁጭ አለ። እኔ ቆሜ ነገርኩት፣ እሱ ጻፈ። "በአምስተኛው ውድድር ሠላሳ አንድ ቁጥርንና አሥራ አራት ቁጥርን አቀያይሬ የጠራሁት እኔ ነኝ። ጻፊው የሰማውን ጽፏል። ዓይኔ ደክሟል።"

የመጨረሻው ላይ ብዕሩ ቆመ።

"ጻፍ" አልኩት።

ጻፈ። አነበብኩት፤ ዘንድሮ አንብቤ የምፈርመው የመጀመሪያው ወረቀት ይህ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቃል አልለወጠም። ፈረምኩ።

ውጤቱን ለእነ ጎሚስታው ነገሯቸው። ሰውዬው ወንበር ይዞ ተቀመጠ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ደረጃውን ልወርድ ስል ልጅቷ ተከትላኝ መጣች። ወንድሜ አጠገቤ ነበር።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። አንገቷን ሰበር አድርጋለች። "ሌባ ያልኩዎት። ዓይንዎ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።"

"ምንም አይደል፣ ልጄ" አልኳት። "እኔም አላወቅኩም ነበር።"

እጇ እንደ አባቷ የጎማ ጥቁረት አለበት፤ ልትጨብጠኝ ዘርግታ፣ አይታው፣ ልትመልሰው ስትል ያዝኩት። ወንድሜ ቀና ብሎ አላያትም።

"ላድርስሽ?" አለኝ ውጭ ስንወጣ። መኪናው በር ላይ ነበር።

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

"ሩቅ ነው፣ እታለም።"

ሁለት ሰዓት ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ ይዩ።

እሑድ 24

ጎሚስታው ደወለ። ስድስተኛ ሆና ስሟ ተነበበ፣ በአንድ ነጥብ። ሲስቅ ሰማሁት። "እርስዎም ዓይንዎን ይታከሙ፣ ችላ አይበሉት" አለኝ። እሺ አልኩት።

ከእኩለ ቀን በኋላ በሩ ተንኳኳ። አንኳኩን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለቴ አንኳኩቶ ትንሽ ቆይቶ አንዴ ነው። ተነሳሁ፣ በሩ ጋ ደረስኩ። መቀርቀሪያውን ያዝኩት፣ አልከፈትኩም።

"ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

ትንፋሹ ብቻ በእንጨቱ በኩል ይሰማኛል። "ወንድምሽ" የምትል አንድ ቃል ብቻ ነው የፈለግኩት፤ ቢላት እከፍትለት ነበር ይሆናል፣ አላውቅም። ቆመን ቆየን፣ እሱ እዚያ ማዶ፣ እኔ እዚህ። በመጨረሻ ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት።

አልጠራሁትም።